በስውር ስለ ተጠመቀ ሕፃንና ስለ ጋብቻው

(አስቀድመህ የጳውሎስን 1ኛ መልእክት ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች፥ ምዕራፍ 7 ከቁጥር 10 እስከ 16 አንብብ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመቱና በጎሬ፥ በያዮና በበደሌ ለወንጌል ሥራ ስመላለስ ወጣቶች ስለ ጋብቻ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይበዛል። ከዕለታት አንድ ቀን በመቱ ከተማ የሚያስተምር አንድ ወጣት መጥቶ፦ «መምህር ሆይ፥ ሕፃን ሳለሁ አባቴ ሳያውቅ ሰው አጥምቆኝ እንደ ሆነ፥ ጋብቻዬ በካቶሊኮች ሕግ ዘንድ እንዴት ይታያል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሊያገባት ያሰባት ልጅ ካቶሊካዊት ነበረች። እኔም ነገሩ ቀላል መስሎኝ፦ «ልጄ፥ ያላወቅኸው ነገር አያስርህም» ብዬ ሰደድሁት። በኋላ ሕጉን ስመረምር መልሴ ስሕተት ሆኖ አገኘሁት። ይህንም የጻፍሁት ስሕተቴን ለማረም፥ ሌላውም ሰባኪ እንደ እኔ ሳይመረምር እንዳይመልስ ነው።

በአገራችን ጥምቀት ከጥንት ጀምሮ የአደባባይ ነገር ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ ካህኑ ያጠምቃል፥ ሜሮን ይቀባል፥ ማተብ በአንገት ይታሰራል፤ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ይቆማሉ፤ ጎረቤትም ተጠርቶ ይበላል። ከዚህ በኋላ ሕፃኑ ተጠምቋል ወይስ አልተጠመቀም ብሎ የሚጠራጠር ሰው የለም። በኢሉባቦር ከተሞች ግን በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ እምነት ልዩ ልዩ ነው። አባት እስላም፥ እናት የኦርቶዶክስ ልጅ፥ አጎት ወንጌላዊ፥ አያት የጥንቱን የኦሮሞ እምነት የያዘች፥ ጎረቤት ካቶሊክ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት ነው ስውር ጥምቀት የሚገኘው። አያት «ልጄን ለማርገዝ ስሳል ለማርያም ተስያለሁ» ብላ ሕፃኑን በነጠላ ሸፍና ወደ ቤተ ክርስቲያን ትወስዳለች፤ ወይም በጤና ጣቢያ ያለች አስታማሚ ሕፃኑ ሲያጣጥር አይታ፥ ወላጆቹን ሳትጠይቅ በራሱ ላይ ውሃ ታፈስሳለች። ሕፃኑ ቢሞት ነገሩ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ቢድን ግን አድጎ ሚስት ያገባል፤ ጥያቄውም ያን ጊዜ ይነሣል።

አስታማሚዋ እንዲህ የምታደርገው ከጥንት በመጣ ትምህርት ነው፤ ይህም ትምህርት ከአገራችን ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ በ1441 በኢየሩሳሌም የነበሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት መልእክተኞች ወደ ፍሎሬንስ ጉባኤ ሄደው ነበር። በ1442 ሊቀ ጳጳሳቱ ኤውጌንዮስ 4ኛ ለግብጻውያን ክርስቲያኖች ባወጣው የጉባኤው ድንጋጌ፥ ሕፃናትን ለማጥመቅ 40 ወይም 80 ቀን መጠበቅ እንደማይገባ፥ የሞት አደጋም ሲያስፈራ ካህን ባይገኝ ተራ ምእመን ወይም ሴት እንኳ ሳይዘገይ ማጥመቅ እንዲችል ተጽፏል። እንግዲህ የእኛ የ40 እና የ80 ቀን ልማድ በሮማ መዝገብ ስሙ ተነሥቶ ተነቅፏል ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በሚሲዮን አገሮች ሁሉ የሚሞቱ ሕፃናትን ማጥመቅ ትልቅ ሥራ ሆነ፤ በ1843 በፈረንሳይ አገር የተመሠረተው የቅዱስ ሕፃንነት ማኅበር አንዱ ዓላማው ይህ ነበር። አቡነ መስያስ የተባለው ካቶሊካዊው ጳጳስ ማሳያም በዚያው ዘመን ወደ ኦሮሞ አገርና ወደ ካፋ ገብቶ ወንጌል ሲሰብክ ፈንጣጣ ይከትብ ነበር። ሐኪም ባልነበረበት ዘመን መድኃኒትና ጥምቀት በአንድ እጅ ይያዙ እንደ ነበሩ አንባቢ ያስተውል።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። በካቶሊኮች ትምህርት ጥምቀት እንዲጸና ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፤ ውሃው፥ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የሚነገረው ቃል፥ ቤተ ክርስቲያንም የምታደርገውን ለማድረግ ማሰብ። በጭንቅ ጊዜ አጥማቂው ካህን መሆን የለበትም፤ ራሱ ያልተጠመቀ ሰው እንኳ ሊያጠምቅ ይችላል። የወላጆች ፈቃድ ጥምቀቱ የተፈቀደ እንዲሆን ያስፈልጋል እንጂ እንዲጸና አያስፈልግም። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው የቀረውን ሁሉ አያስተውልም። በሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ የቡና ችግኝ የተከለ ሰው በደለኛ ነው፤ ችግኙ ግን ይበቅላል፥ ፍሬም ያፈራል። ጤነኛ ሕፃን ያለ ወላጆቹ ፈቃድ ቢያጠምቁት፥ በሕጉ ያጠመቀው ሰው በድሏል፤ ሕፃኑ ግን ተጠምቋል። ሕፃኑ የሞት አደጋ ያለበት ሲሆን ደግሞ ጥምቀቱ የተፈቀደ ነው፤ በ1917 የወጣው የሕገ ቀኖና መጽሐፍ በቀኖና 750፥ በ1983 የወጣውም በቀኖና 868 ወላጆች ባይወዱም እንኳ በሞት አደጋ ያለውን ሕፃን ማጥመቅ እንደሚፈቀድ ይናገራሉ።

ይህ ሕግ ምን ያህል ኀዘን ሊያመጣ እንደሚችል በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ የሆነው ያሳያል። በዚያ ሞርታራ የሚባሉ አይሁድ ቤተ ሰብ ነበሩ፤ አና ሞሪዚ የምትባል ክርስቲያን ሠራተኛም ነበረቻቸው። ልጃቸው ኤድጋርዶ ሕፃን ሳለ ታሞ ነበርና፥ ሠራተኛዪቱ ይሞታል ብላ በስውር አጠመቀችው። ልጁ ዳነ፤ እርስዋም ዝም አለች። ከዓመታት በኋላ ወሬው ወደ ቤተ ክርስቲያን መርማሪ ደረሰ። በሰኔ ወር 1858 የሊቀ ጳጳሳቱ መንግሥት ፖሊሶች መጥተው የ6 ዓመቱን ልጅ ከእናቱና ከአባቱ ወሰዱት፤ የተጠመቀ ልጅ በአይሁድ ቤት ሊያድግ አይገባም ይባል ነበርና። ወላጆቹ ለመኑ፥ የአውሮፓ መንግሥታትና ጋዜጦች ጮኹ፤ ሊቀ ጳጳሳቱ ፒዮስ 9ኛ ግን ልጁን አልመለሰም። ኤድጋርዶ ካህን ሆነ፤ በ1940 በቤልጅግ አገር ሞተ። ሰዎች ይህን ታሪክ ስለ መነጠቁ ይተርኩታል። እኔ ግን ሌላ ነገር አስባለሁ። ሠራተኛዪቱ ነገሩን ለማንም ሳትናገር ሞታ ቢሆን፥ ልጁም አድጎ በምኵራብ አይሁዳዊት ሚስት አግብቶ፥ ልጆች ወልዶ፥ በሰላም ኖሮ ቢሆንስ? በዚያ ዘመን በነበረው የሮማ ሕግ ያ ጋብቻ ከመጀመሪያው ያልጸና ነበር፤ ባልና ሚስቱ ግን ይህን እስከ ሞታቸው ባላወቁም ነበር።

ምክንያቱም ይህ ነው። በተጠመቀና ባልተጠመቀ ሰው መካከል የሚደረግ ጋብቻ፥ አስቀድሞ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር፥ ከንቱ ነው የሚል ዕንቅፋት በካቶሊኮች ሕግ አለ። እስከ 1918 ድረስ ይህ ዕንቅፋት የተጠመቀውን ሰው ሁሉ፥ ወንጌላዊውንም ጭምር፥ ያስር ነበር። የ1917ቱ ሕግ መጽሐፍ በግንቦት 1918 ሥራ ላይ ሲውል ግን በቀኖና 1070 ዕንቅፋቱን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በተጠመቁት ወይም ወደ እርስዋ በተመለሱት ላይ ብቻ ወሰነው። የ1983ቱ ሕግ በቀኖና 1086፥ በ1990 የወጣውም የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ በቀኖና 803 ይህንኑ አጸኑ። የኋለኛው በአገራችን በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱትን ካቶሊኮች የሚመለከት ነው።

በመቱ አንድ ምሳሌ እናድርግ። አንድ ሕፃን ከእስላም ወላጆች ተወለደ፤ ታመመ፤ ካቶሊካዊት አስታማሚ በቤተ ክርስቲያንዋ ሥርዓት አጠመቀችው፤ ዳነ። በእስልምና አደገ፤ በቃዲ ፊት እስላም ሚስት አገባ፤ 4 ልጆች ወለደ። እርሱ ራሱን ካቶሊክ ነኝ ብሎ ለአንድ ቀን እንኳ አላሰበም። በሕጉ ግን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ነውና፥ ያልተጠመቀች ሚስት ያለ ልዩ ፈቃድ ስላገባ ጋብቻው አልጸናም። «አላወቀም እኮ!» ትላለህን? እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ሕጉ ግን በቀኖና 15 ጋብቻን በመሳሰለው ነገር ከንቱ የሚያደርግ ሕግን አለማወቅ የሕጉን ኃይል አያስቀርም ይላል። ፈቃዱን ኤጲስ ቆጶሱ ሊሰጥ ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሚያስፈልገው መሆኑን የማያውቅ ሰው ፈቃድ ሊለምን ከየት ይመጣል?

የጋብቻው ሥርዓት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ካቶሊክ የሆነ ሰው በካህንና በሁለት ምስክሮች ፊት ካላገባ ጋብቻው አይጸናም። የ1917ቱ ሕግ ርኅራኄ አድርጎ፥ ካቶሊክ ካልሆኑ ወላጆች ተወልዶ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቢጠመቅም ከሕፃንነቱ በሌላ እምነት ወይም ያለ እምነት ያደገውን ሰው፥ ካቶሊክ ያልሆነች ሲያገባ፥ ከዚህ ሥርዓት ነፃ አውጥቶት ነበር። ይህ በስውር ለተጠመቁት ታላቅ መሸሸጊያ ነበረ። ፒዮስ 12ኛ ግን በነሐሴ 1948 ይህን ቃል ሻረው፤ ከጥር 1 ቀን 1949 ጀምሮ ሰውየው እንደ ሌላው ካቶሊክ በሥርዓቱ ታሰረ። በ1983 ደግሞ በይፋ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው ነፃ ነው ተባለ፤ ይህም በ2009 ተሻረ። በመካከሉ የነበረው ፈቃድ በስውር ለተጠመቀው ሰው ብዙም አልጠቀመውም፤ መግባቱን ያላወቀ ሰው በይፋ ሊወጣ አይችልምና።

አያት ወደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ክርስትና ያስነሣችው ልጅስ? የካቶሊክ ሕግ ጥምቀቱን እውነተኛ ጥምቀት ብሎ ይቀበላል፤ ነገር ግን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አልተጠመቀምና የቀኖና 1086 ዕንቅፋት አያስረውም። ስለ እርሱ ጋብቻ የምሥራቁ ሕግ በቀኖና 781 የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይመለከታል፤ ስለዚህ በካህን ቡራኬ ተጋብቷልን ብሎ ይጠይቃል። በአገራችን ብዙው ጋብቻ በሽማግሌ ፊት የሚደረግ ስለ ሆነ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በአንዳንድ የወንጌላውያን ማኅበሮችም፥ በሕፃንነቱ የተጠመቀው ሰው ሲያምን እንደ ገና በወንዝ ይጠመቃል፤ በካቶሊኮች ዓይን ግን የሚቈጠረው ፊተኛው ነው፥ ያ ፊተኛው በአያቱና በካህኑ ብቻ የታወቀ ቢሆንም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን የጳውሎስ ፈቃድ የተባለው ነገር ነው። ሐዋርያው ከሁለቱ ያላመኑ ተጋቢዎች አንዱ ቢያምንና ያላመነው አብሮ መኖርን እንቢ ብሎ ቢለይ፥ ያመነው በዚህ ነገር ባሪያ እንዳልሆነ ያስተምራል። ካቶሊኮች በቀኖና 1143 ይህን ሕግ አድርገው ጽፈውታል፤ ያመነው ሰው ተጠምቆ ሌላ ጋብቻ ሊያደርግ ይችላል። ነገር ግን ፈቃዱ ሁለቱም ሲጋቡ ያልተጠመቁ በነበሩበት ጋብቻ ብቻ ነው። አንዲት ሴት አምና ባልዋ ትቷት ቢሄድ፥ በዚህ ፈቃድም ሌላ ልታገባ ስትዘጋጅ የባልዋ አክስት መጥታ «እርሱን እኮ በ40 ቀኑ ክርስትና አስነሥቼዋለሁ» ብትል፥ በሩ ይዘጋል፤ ጉዳዩም በሌላ መንገድ ወደ ሮማ መሄድ አለበት። ከዚህም የከፋ አለ። ሁለቱም በሕፃንነታቸው በስውር ተጠምቀው፥ ጋብቻቸውም የጸና ከሆነ፥ ያ ጋብቻ በካቶሊኮች ዘንድ ምሥጢር ነው፤ አብረው ከኖሩ በኋላ ከሞት በቀር ምንም አይፈታውም።

በዚህ ነገር የኢትዮጵያ ስም ደግሞ አንድ ጊዜ ይገኛል። በ1585 ግሪጎርዮስ 13ኛ ከአንጎላ፥ ከኢትዮጵያና ከብራዚል በምርኮ ተወስደው ከባላቸው ወይም ከሚስታቸው ስለ ተለዩ ሰዎች ደብዳቤ ጻፈ፤ የተለየውን ወገን ማግኘትና መጠየቅ የማይቻል ሲሆን፥ የተጠመቀው ምርኮኛ እንዲያገባ ፈቀደ። «ኢትዮጵያ» ሲል የጥቁሮችን አገር በሰፊው ማለቱ ነበር። ቢሆንም፥ የባሪያ ንግድ ብዙ ቤት ባፈረሰበት በእኛ ምዕራብ የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ አያቶቹን ሳያስብ አያልፍም። ሥርዓቱ ዛሬ በቀኖና 1149 አለ።

እንግዲህ ስውሩ ነገር በምን ይታወቃል? በሕጉ ጥምቀት በመዝገብ ይጻፋል። መዝገብ ባይኖር፥ የሌላውን መብት የማይጎዳ ሲሆን፥ አንድ የታመነ ምስክር ይበቃል። ምስክሩ ግን ውሃውን ማየቱ ብቻ አይበቃም፤ ቃሉንም መስማት አለበት። ጥምቀቱ አጠራጣሪ ከሆነ ቀኖና 1086 ራሱ፥ አንዱ መጠመቁ ሌላውም አለመጠመቁ በእርግጥ እስኪታወቅ ድረስ ጋብቻው የጸና ነው ተብሎ እንዲቈጠር ያዝዛል። በዚህ ሕጉ ለጋብቻ ያደላል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

አሁን የምናገረው ለባሎች ነው። በሚስቱ የተሰለቸ ሰው ይህን ትምህርት ሰምቶ፦ «አክስቴ አጠምቃኛለች ትላለች፤ እንግዲያስ ሚስቴ ሚስቴ አይደለችም» ብሎ ከቤቱ ሊያወጣት ቢነሣ፥ የካቶሊኮች ሕግ አይደግፈውም። በቀኖና 1085 ፊተኛው ጋብቻ አለመጽናቱ በሕግና በእርግጥ ሳይረጋገጥ ሌላ ማግባት አይፈቀድም፤ ይህንም የሚያረጋግጥ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ እንጂ የባል አፍ አይደለም። የመንግሥትም ሕግ አለ። የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ወይም በባህል የተደረገውን ጋብቻ ይቀበላል፤ ኦሮሚያም የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። በቃዲ ወይም በሽማግሌ ፊት የተደረገው ጋብቻ፥ የሮማ ሕግ ምንም ቢለው፥ በመቱ ፍርድ ቤት ጋብቻ ነው፤ የጋራ ሀብትም አለው። ከጋብቻ ውጭ ለተወለዱት ልጆች እንኳ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 እኩል መብት ይሰጣል። ደግሞም የቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ለሰላማዊ ቤት መፍትሔ አለው። ኤጲስ ቆጶሱ ልዩ ፈቃድ ሰጥቶ ተጋቢዎቹ ቃላቸውን ሊያድሱ ይችላሉ፤ ወይም ቃላቸው ጸንቶ የሚኖር ሲሆን፥ ሳያድሱት ጋብቻው ከሥሩ እንዲፈወስ ይደረጋል። በከባድ ምክንያት ሁለቱ ሳያውቁት እንኳ ይህን ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ነገሩን ያወቀ ሰው ወደ ካህኑ የሚሄደው ሚስቱን ይዞ ለመኖር እንጂ ለመጣል አይሁን።

ለድሬሰሮች፥ ለአዋላጆችና ለአስታማሚዎችም አንድ ቃል አለኝ። እኔ ወንጌላዊ ነኝ፤ ያልተጠመቀ ሕፃን ቢሞት ጌታ ሕፃናትን እንዳልከለከለ አምናለሁ፤ ስለዚህ ጥድፊያቸው የእኔ ጥድፊያ አይደለም። ነገር ግን የእነርሱን እምነት ይዘው በፍቅር የሚያደርጉትን ሰዎች አልነቅፍም። የምነቅፈው ዝምታውን ነው። አጥምቀሽ ሕፃኑ ከዳነ፥ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ንገሪ፤ ቀኑንና ስሙን በመዝገብ አጽፊ። ቍጣ ቢመጣብሽም ታገሺው፤ ያ ቍጣ ከ25 ዓመት በኋላ በሌላ ሴት ላይ ከሚወድቅ ዛሬ በአንቺ ላይ ቢወድቅ ይሻላል። አያቶችም እንዲሁ። የክርስትና እናት ሆና በስውር የቆመች ሴትም ትናገር፤ በፍትሐ ነገሥትም በምሥራቅ ካቶሊኮችም ሕግ የክርስትና ዝምድና ጋብቻን ይከለክላልና፥ ያልተነገረ የክርስትና ዝምድና ሌላ ችግር ይወልዳል።

ወደዚያ ወጣት መምህር ልመለስ። ስሕተቴን ካወቅሁ በኋላ ፈልጌ አገኘሁትና፦ «ልጄ፥ የነገርሁህ ትክክል አልነበረም፤ ሄደህ እናትህን ጠይቅ» አልሁት። እናቱም በጥያቄው ጊዜ ብዙ ዝም አሉ፤ ከዚያ በኋላ ይህን ነገሩት። በ3 ወሩ በወባ ታሞ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወስደውት ነበር፤ አንዲት አስታማሚ በራሱ ላይ ውሃ አፈሰሰችና በቋንቋዋ ጥቂት ቃል ተናገረች። እናቱ ትኩሳት ማብረጃ መስሏቸው ነበር። በኋላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «አጥምቃልሃለች እኮ» አለቻቸው፤ እርሳቸውም አባቱ እንዳይቈጣ ብለው ሰወሩት። አስታማሚዋ ወደ አገርዋ ከሄደች ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር፤ በመዝገብም አልተገኘም። ውሃውን ያዩ ምስክር አሉ፤ ቃሉን የሰማና ያስተዋለ ግን የለም። ነገሩም ከጥርጥር አላለፈም።

ልጅቱና እርሱ አብረው ወደ ካህኑ ሄደው ሁሉን ሳይሰውሩ ተናገሩ። ካህኑም የእናቱን ቃል ጽፎ ወደ ኤጲስ ቆጶሱ ላከ፤ ምናልባት አልተጠመቀ እንደ ሆነ ተብሎ ለጥንቃቄ ልዩ ፈቃድ ተሰጠ፤ ጋብቻውም በካህኑና በሁለት ምስክሮች ፊት ሆነ። እናቱ በሠርጉ ቀን ከፊት ተቀምጠው ነበር። አባቱ ነገሩን የሰሙት በዚያው ሳምንት ነው፤ ለ3 ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገሩም፤ በ4ኛው ቀን ግን ሙሽሮቹን ለመመረቅ መጡ።